«ገዙ ወይስ ሸጡ?»፦ የቻይንኛ ቃላት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዚህ ክበብ ተጠሪ መምህር ብሆንም የቻይንኛ አስተማሪ አይደለሁም። የማስተምረው አማርኛ ነው። ዓመቱ ሲጀመር ከቻይንኛ የማውቀው «ኒ ሃኦ» የሚለውን ሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሱንም አበላሽቼ እንደምለው የነገሩኝ ተማሪዎቼ ናቸው። ታዲያ ክበቡን ምን አስያዘህ ብትሉኝ፣ ሐሳቡን ይዘው የመጡት ልጆች እምቢ የሚባሉ ዓይነት አልነበሩም። «ቲቸር፣ የሚያስተምረን ሰው አያስፈልገንም። ካርዶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እርስዎ ክፍሉን ብቻ ያስከፍቱልን» አሉኝ። አስከፈትኩላቸው። ከዚያ በኋላ መውጣት አቃተኝ።

ይናገራሉ የተባሉት ካርዶች ድምፅ የተጫነባቸው ፍላሽ ካርዶች ናቸው። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አንድ ካርድ ይመጣል። ፊቱ ላይ ቃሉ፣ ጀርባው ላይ ፍቺው አለ፤ ሲነካ ደግሞ ድምፁ ይሰማል። ካወቅኸው ከቀናት በኋላ ይመለሳል፤ ያኔም ካወቅኸው ከሳምንታት በኋላ። ከተሳሳትክ ግን ወዲያው ይመጣብሃል። እኛ የያዝነው አንኪ የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ፕሮግራም ሲሆን ስሙ ጃፓንኛ ነው፤ «በቃል መያዝ» ማለት ነው። ሐሳቡ ግን ከስልክ ይቀድማል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር የድምፅ ቁርጥራጮችን እየሸመደደ፣ በራሱ ላይ እየሞከረ፣ ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ሴባስቲያን ላይትነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ካርዶችን በክፍልፋይ ሳጥን ውስጥ እያዘዋወሩ ማጥናትን አስተዋወቀ። ወደዚህ ሳጥን እመለሳለሁ፤ ባለውለታችን ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። ብዙ እያለ ለምን ትንሽ ብዬ ከኢንተርኔት ትልቁን ዝግጁ ጥቅል አስወረድኳቸው። ኤችኤስኬ የሚባለው የቻይንኛ ፈተና በስድስት ደረጃ ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ እስከ መጨረሻው ደረጃ 5,000 ቃል ይጠይቅ ነበር። እኛ ሁሉንም ባንዴ ጫንነው። አንኪ ቀንሱልኝ ካላሉት በቀን 20 አዲስ ካርድ ያመጣል። 20 ሲሰሙት ምንም አይደለም። ግን የትናንቱም፣ የትናንት ወዲያውም፣ ያለፈው ሳምንቱም ተሰልፈው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስልክ ይዛ መጣች። የሚጠብቃት ካርድ ከ200 በልጧል። «ቲቸር፣ እኔ እኮ ቋንቋ ልማር እንጂ ዕዳ ልገባ አልመጣሁም» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ከአባላቱ ግማሽ ያህሉ በየሰበቡ ቀሩ። አልፈረድኩባቸውም።

ጥቅሉን ሰረዝነው። ለልጆች የሚዘጋጀው ዋይሲቲ የተባለው ፈተና በመጀመሪያ ደረጃው የሚጠይቀው 80 ቃል ብቻ ነው። በሱ ጀመርን፤ በቀን አምስት ካርድ፣ ከዚያ አንዲት አትበልጥም። ካርዶቹንም ራሳችን ሠራናቸው። ሠርቶ ያዘጋጀውን ቃል ልጅ ቶሎ አይረሳውም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም።

80ዎቹ ሲያልቁ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔም ኮርቻለሁ። እስኪ ልፈትናቸው ብዬ የኮምፒውተሩን ስክሪን አጠፋሁና ድምፁን ብቻ ለቀቅሁ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ሁለተኛ ቃል ለቀቅሁ፤ ያው ነው። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይቺ ከድመቷ ቀጥላ የምትመጣው አይደለችም?» አለ። ለካ የካርዶቹን ተራ ሸምድዷል! የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ቃላቱን የሚያውቋቸው በመልካቸው ነበር። ዓይናቸው ተምሯል፤ ጆሯቸው ገና ክፍል አልገባም። እኔም ራሴን ፈተንኩ። ውጤቱ ለመጽሔት አይሆንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዶቹን ገለበጥናቸው። ፊት ለፊት ምንም ጽሑፍ የለም፤ ድምፅ ብቻ። የሰማኸውን ጮክ ብለህ ትላለህ፤ ቃናውን፣ ማለትም የድምፁን መውጣትና መውረድ፣ በእጅህ አየር ላይ ትስላለህ፤ ከዚያ ነው ካርዱ የሚገለበጠው። በሹክሹክታ ማለት አይቆጠርም። ጎረቤት ክፍል ያሉት የሒሳብ ክበብ አባላት በዚህ ደንብ የተነሣ ቅሬታ አቅርበውብናል፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነበር።

ስለ ቃናው ትንሽ ልበል፤ የዓመቱ ላብ የፈሰሰው እዚህ ነው። የምንማረው መደበኛው ቻይንኛ፣ ማንዳሪን፣ አራት ቃና አለው፣ ሌላ ቀለል ብሎ የሚባልም አለ። አንደኛው ከፍ ብሎ ሳይነቃነቅ ይሄዳል። ሁለተኛው፣ ያልሰማነውን ለማስደገም «እ?» ስንል እንደምናደርገው ሽቅብ ይወጣል። ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ይጎተታል። አራተኛው «ተው!» እንደምንለው ቁልቁል ይወረወራል። «ማ» በአንደኛው ቃና እናት ናት፣ በሁለተኛው ቃጫ የሚሰጥ ተክል፣ በሦስተኛው ፈረስ፣ በአራተኛው መስደብ። ልጆቹ «ይሄ ቋንቋ እያሾፈብን ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ሰሌዳው ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩና አንብቡ አልኳቸው። አላልቶ ያነበበ «ተናገረ» ማለቱ ነው፤ አጥብቆ ያነበበ «ይኖራል» ማለቱ። «ገና»ም እንደዚያው ነው። ፊደሉ አይነግራችሁም፣ ታዲያ ማን ነገራችሁ ስላቸው አንዱ «እሱማ የኛ ነው፤ ስንሰማው ኖረን» አለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ፊደላችን ግን አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶናል። መጀመሪያ አካባቢ ልጆቹ አነባበቡን በካርዱ ጀርባ በፊደል ይጽፉ ነበር። የሚመች መስሎን ነው። ማንዳሪን ግን እኛ «ሽ» ብለን የምንጽፋቸው ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉት፤ አንዱ ምላስ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ይወጣል፣ ሌላው ምላስ ወደ ፊት ተጠግቶ። «ች»ም «ጅ»ም እንደዚሁ ጥንድ ጥንድ ናቸው። በፊደል ስንጽፋቸው ስድስቱ ድምፆች ሦስት ሆነው አረፉ፤ ጆሮም የተጻፈለትን አምኖ ቁጭ አለ። ስለዚህ ፊደልን ከካርዱ አስወጥተን ፒንዪን አስገባን። ፒንዪን እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀው የቻይንኛ የላቲን አጻጻፍ ነው። ሥራውን ከመሩት ዋነኛው ዦው ዮውጓንግ በሙያቸው የኢኮኖሚ ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በ111 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የቋንቋ ሰው ሳይሆኑ ይህን መሥራታቸውን ስሰማ ትንሽ ተጽናናሁ። አማርኛ አስተማሪ የቻይንኛ ክበብ ቢይዝ ምን አለበት?

«ተ» እና «ደ»ም አከራክረውናል። ያው ካርድ ለአንዱ «ደ»፣ ለሌላው «ተ»፣ ለሦስተኛው «ጠ» ሆኖ ይሰማዋል። ልዩነቱ ያለው ትንፋሹ ላይ ነው። ቀጭን ወረቀት ከአፋቸው ፊት አስያዝኳቸው። ትንፋሽ ያለው ድምፅ ወረቀቱን ያርገበግበዋል፣ የሌለው አይነካውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ወረቀት ስንነፋ ከረምን። ሳይንስ ክበብ መስለን ነበር።

ካርድ የሚሳሳት አይመስለንም ነበር። «ኒ» ብቻውን ሦስተኛ ቃና ነው፣ «ሃኦ»ም እንዲሁ። «ኒ ሃኦ» ሲባል ግን ድምፁ «ኒ»ን ሽቅብ ያወጣታል። አንዷ ልጅ ካርዱ ተሳስቷል ብላ ማስታወሻ ጻፈችልኝ። አልተሳሳተም። ሁለት ሦስተኛ ቃናዎች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ይለወጣል። «ምን አለ» በአፋችን «ምናለ» እንደሚሆነው፣ አብረው ሲውሉ ይዋዋጣሉ። ከዚያ ወዲህ እንደ «ኒ» ያለ የተነጠለ የቃል ቁራጭ ካርድ ትተን ሙሉ ቃል ብቻ ማስገባት ጀመርን።

ሌላ ጊዜ ግን ካርዱ በእርግጥ ተሳስቶ አገኘነው። ቅጂ ያጣንላቸውን ቃላት በኮምፒውተር ድምፅ አስነብበን ነበር። በቻይንኛ አንድ ምልክት ሁለት አነባበብ የሚኖረው ጊዜ አለ። «ረዥም» ሲሆን «ቻንግ» በሁለተኛ ቃና፣ «ማደግ» ሲሆን «ጃንግ» በሦስተኛ ቃና የሚነበብ አለ። እኛ «ማደግ» ብለን ጻፍን፣ ማሽኑ «ረዥም»ን አነበበልን። አንድ ወር ሙሉ በፍጹም እምነት ስናስተጋባው ቆየን። ያጋለጠን የአፍ መፍቻ ተናጋሪዎች ቃላትን በድምፃቸው የሚቀዱበትን ፎርቮን ሲጎረጉር የነበረ ተማሪ ነው። ከዚያ በኋላ የማሽን ድምፅ ያለበት ካርድ ሁሉ በሰው ድምፅ እስኪረጋገጥ ቢጫ ምልክት ይደረግበታል።

ያለ ብዙ ድካም የገቡም አሉ። ስልክ «የኤሌክትሪክ ንግግር»፣ ኮምፒውተር «የኤሌክትሪክ አንጎል»፣ ሲኒማ «የኤሌክትሪክ ጥላ»፣ ባቡር «የእሳት ጋሪ» ነው። እነዚህ በአንድ ቀን ተያዙ። ቁጥሮቹ ደግሞ ዘመድ ሆነውን ተገኙ። አሥራ አንድ እንደኛው «አሥር አንድ» ነው። ለ10,000 የራሱ ስም አለው፣ «ዋን»፤ 100,000 «አሥር ዋን» ይሆናል። እንግሊዝኛ የለመዱት ልጆች ሲደናገሩ «እኛስ እልፍ አለን አይደል?» አልኳቸው። አሥር እልፍ ሲሉ ገባቸው። የሳምንቱ ቀናት ግን ጠላት ናቸው። ረቡዕ በግእዙ አራተኛ ነው፤ ቻይንኛ ከሰኞ ስለሚቆጥር ያንኑ ቀን ሦስተኛ ይለዋል። አንድ ልጅ በዚህ የተነሣ ለክበቡ ስብሰባ ሐሙስ መጥቶ ብቻውን ቁጭ ብሏል።

ስልክ የሌላቸው አባላት ነበሩን፤ የላይትነር ሳጥን የገባው ለእነሱ ነው። የጫማ ካርቶን በአምስት ተከፈለ፤ የታወቀ ካርድ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የተሳሳተ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ችግሩ ወረቀት አይናገርም። ስለዚህ በየካርዱ ቁጥር ጻፍንበትና ድምፆቹን በዚያው ቁጥር በኮምፒውተር ክፍል አስቀመጥናቸው። አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ያጫውታል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ከባለስልኮቹ የተሻለ ጆሮ ያወጡት እነዚህ ናቸው። ብቻቸውን በኤርፎን ሳይሆን ሰው ፊት መመለስ ነበረባቸው።

በዓመቱ መዝጊያ ወላጆች ፊት አጭር ድራማ አሳየን። አንዱ ተማሪ ፈረስ ነጋዴ፣ እኔ ገዢ። የኔ ድርሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ዎ ያኦ ማይ ማ»፣ ፈረስ መግዛት እፈልጋለሁ። «ማይ» በሦስተኛ ቃና መግዛት፣ በአራተኛ መሸጥ ነው። በጽሑፍ ደግሞ «መሸጥ» የሚለው ምልክት «መግዛት» ላይ የአሥርን ምልክት የደፋ ነው። አንዱ ልጅ «ነጋዴ አሥር የጨመረ ገዢ ነው» ብሎ ያስያዘኝ ነበር። በቃላት ደረጃ ሁሉንም አውቃለሁ። መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ እጄም ላብ በላብ፣ ተናገርኩ። አዳራሹ ዝም አለ። የክበቡ ልጆች ግን መሬት ላይ ተንከባለሉ። ነጋዴው ድርሰቱን ረስቶ በአማርኛ «ቲቸር፣ ገዙ ወይስ ሸጡ?» አለኝ። ፈረስ ልገዛ መጥቼ እናቴን ልሸጥ ነበር ያልኩት።

ልጆቹ አሁን «ላኦሺ» ይሉኛል፤ መምህር ማለት ነው። «ላኦ» ለብቻው አሮጌ ማለት መሆኑንም በደስታ አስረድተውኛል። ዓመቱን የጨረስነው በጀመርንበት ቁጥር አይደለም፤ የቀሩት ግን ስክሪን ጠፍቶ 150 ቃል ይለያሉ። ካርቶኑን ለሚቀጥለው ዓመት ጸሐፊ አስረክበናል፣ አምስተኛው ክፍል ስለተቀደደ በፕላስተር ታሽጓል። የክረምቱን ደንብም ተስማምተናል፤ አዲስ ካርድ የለም፣ ክለሳ ብቻ። ይህን ስጽፍ የኔ ስልክ 43 ካርድ እየጠበቀኝ እንደሆነ ይነግረኛል። የመጀመሪያውን ከፈትኩት። ድምፅ ብቻ ነው። «ማይ» ይላል።

ደግሜ ላዳምጠው።