ስለ ፕሮሰሰር ሙቀት ንባብ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጎንደር፣ ፒያሳ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያነሳሳን እኛው የሠራነው ስህተት ነው። የሠርግና የጥምቀት ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ደንበኛችን «ሥራ ፈቶ እንኳ 60 ዲግሪ ይላል» ብሎ ዴስክቶፑን አመጣልን። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ኩባንያ ራይዘን 7 1800ኤክስ ነው። አቧራውን ነፋን፣ የደረቀውን ፔስት (ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) ጠርገን በአዲስ ቀባን፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደግመን ቀባን፤ ያው ነው። በመጨረሻ ሂትሲንኩን (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚወስደውን ብረት) በእጃችን ብንነካው ለብ ከማለት አላለፈም። ለካስ ይህ ፕሮሰሰር የፋኑ አሠራር ከሌሎቹ የትውልዱ ፕሮሰሰሮች ጋር አንድ እንዲሆን ተብሎ በእውነተኛው ሙቀት ላይ 20 ዲግሪ ጨምሮ ነው የሚያሳውቀው። ደንበኛው የጫነው የመለኪያ ፕሮግራም ያረጀ ስለነበር ያንን 20 አልቀነሰውም። ያስከፈልነውን መልሰንለታል፤ ይቅርታም ጠይቀናል።

የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በውስጡ ያለው ሴንሰር (የሙቀት መለኪያ) የሚናገረው ስንት ዲግሪ እንደሞቀ ሳይሆን፣ ፍጥነቱን ለመቀነስ ከሚገደድበት ጣሪያ ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ነው። ጣሪያው 100 ሆኖ 35 ከቀረው ፕሮግራሙ 65 ብሎ ያሳያል። ፕሮግራሙ ጣሪያውን በስህተት 90 ብሎ ከያዘው ግን ያው ሙቀት 55 ሆኖ ይታያል። ሴንሰሩ ይበልጥ የሚታመነው ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሲያርፍ አንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) 31፣ ሌላው 38 ቢል እንቅልፍ አያሳጣችሁ።

ስትለኩ ኮር ቴምፕ ወይም ኤችደብሊውኢንፎ ከሚባሉት የመለኪያ ፕሮግራሞች የአንዱን አዲስ ቅጂ ጫኑ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትክፈቱ፣ ሴንሰር ሲሻሙ ንባቡ ሊዛባ ይችላል። የማዘርቦርዱን መስመሮች ተዉና የኮሮቹን ወይም የፓኬጁን (የጠቅላላውን ፕሮሰሰር) ቁጥር እዩ። ምንም ሴንሰር ያልተገናኘበት መስመር 127 ወይም ከዜሮ በታች ሊል ይችላል፤ በዚህ ደንግጠው የመጡ አሉ። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ የሚታየውም ከፍ ይላል፣ ፕሮሰሰሩ እዚያ በደንብ አያርፍምና። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ ያለው ዲግሪ ደግሞ የግራፊክስ ካርዱ ነው። የኬዙን ክዳን ገጥማችሁ፣ የየዕለት ከባድ ሥራችሁን 20 ደቂቃ አሠርታችሁ አንብቡ። ክዳን ከፍቶ መለካት ራስን ማታለል ነው።

ውጭ አገር ያለ ሰው «በዚህ ፋን 62 ነው» ቢል ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አየሩ ስስ ነው፣ ያው ፋን እዚህ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ጥቂት ዲግሪ መጨመሩ የአገሩ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። በበጋው አቧራ ግን ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ አራግፉት።

በከባድ ሥራ 80 ገደማ የሚል፣ የማይዘገይና የማይጠፋ ማሽን ካላችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ሥራ ሲጀምር በሰከንድ ውስጥ ከ40 ወደ 95 የሚዘል ከሆነ ግን አጥፉትና አምጡልን። ብዙ ጊዜ ከሂትሲንኩ አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ከቦርዱ ጀርባ ሳይወጣ ቀርቶ እናገኘዋለን፤ ተጭኖ ቀጭ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። (ከራይዘን 7000ዎች ብዙዎቹ በከባድ ሥራ 95 እንዲደርሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ለእነሱ አትስጉ።)

ስትመጡ የንባቡን ፎቶ አንሡልን። ንባብ ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ቤታችሁ