ሰርግሽ ላይ የቀረሁት ታምሜ አይደለም

ሆዴ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ሶስት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ስንቴ ፅፌ አጠፋሁት መሰለሽ። ትላንት ማታ ግን ታናሽ እህትሽ በቴሌግራም "ብጉርሽን በምን አጠፋሽው?" ብላ ፃፈችልኝ፣ የምትቀባውንም ክሬም ፎቶ አንስታ ላከችው፣ ስም የሌለው ትንሽ ነጭ ብልቃጥ፣ ሳየው ክው አልኩ፣ እኔም ስቀባው የነበረው እንደዛ ያለ ነው። ለሷ ከመመለሴ በፊት ላንቺ እውነቱን ልናገር ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰርግሽ ላይ የቀረሁት ታይፎይድ ይዞኝ አልነበረም። ዋሸሁሽ፣ ይቅር በይኝ። የሚዜ ቀሚሴ ተሰፍቶ አልቆ ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ግን ጉንጬና አገጬ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል ይዞ፣ ውሃ ሲነካው ራሱ ያቃጥል ነበር፣ በዛ ፊት ካንቺ አጠገብ ቆሜ ፎቶ መነሳቱን ሳስበው አቃተኝ። ከዛ በኋላ ደግሞ ስትደውይ አፈርኩ፣ ሲቆይ ይበልጥ አፈርኩ፣ እንደዛ እንደዛ እያለ አመታት ሆነ።

ብጉሩ ከዩኒቨርስቲ ጀምሮ እንደነበረብኝ ታውቂያለሽ። ለውዝ አትብይ ተባልኩ ተውኩ፣ ስታገቢ ይጠፋል ተባልኩ ዝም አልኩ። ከሰርግሽ አምስት ወር በፊት የስራ ባልደረባዬ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ወሰደችኝ፣ እዛው የቀላቀሉትን ክሬም ሸጡልኝ፣ በሁለት ሳምንት ፊቴ ጥርት አለ፣ አንቺም አማረብሽ ብለሽኝ ነበር። ግን አንድ ቀን ከዘለልኩት ያቃጥለኛል፣ ስቀባው ይሻለኛል፣ ቆይቶ መቀባቱም አላድን አለ። ውስጡ ጠንካራ ስቴሮይድ የሚባል መድሃኒት ነው ለካ፣ ቆዳ የሚያሳሳ፣ ራሱ ብጉር የሚያወጣ።

በመጨረሻ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ሄድኩ። እማዬ "እዛ ታይተሽ ሰው ምን ይላል" ብላ አለቀሰች፣ ያው ለሷ አለርት ማለት የስጋ ደዌ ብቻ ነው፣ ወረፋው ላይ ግን ብጉር ያለበት፣ ማድያት ያለበት፣ ህፃን ያዘለች፣ ሁሉም ነበር። ሀኪሟ መጀመሪያ ክሬሙን ቀስ በቀስ አስቆመችኝ፣ ቃጠሎው እስኪበርድ ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። ከዛ ማታ ማታ አዳፓሊን 0.1% የሚባል ጄል የሽምብራ ፍሬ የምታክል ለፊቴ በሙሉ፣ ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5% የሚባል ቅባት (የእማዬን ፎጣና የትራስ ልብሶቿን አንጥቶ ጨረሳቸው)፣ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም የሚባል አንቲባዮቲክ ኪኒን ደግሞ ለሶስት ወር ብቻ፣ በብዙ ውሃ፣ ውጬውም ቶሎ ጋደም እንዳልል። ፀጉሬን ቅቤ መቀባትም አስተወችኝ፣ ግንባሬ ላይ የሚወጣው ከሱ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ባሰብኝ እህቴ። ሊብስ ይችላል፣ ከ12 ሳምንት በፊት አልሰራም ብለሽ እንዳትፈርጂ ብላ አስቀድማ ባትነግረኝ እጥለው ነበር፣ ሰው የሚያቆመው እኮ እዛች ጋ ነው። በአራተኛው ወር አዲስ መውጣቱ ቀነሰ፣ ጥቋቁር ምልክቶቹ ግን በሰንስክሪንም ቢሆን አመት ሊሞላቸው ሲል ነው የለቀቁት፣ ግራ ጉንጬ ላይ ሁለት ጉድጓድ ቀርቷል።

አንዴ ደግሞ ዳንኩ ብዬ አዳፓሊኑን አቆምኩትና በሁለት ወር ተመለሰብኝ። ያኔ ነው የገባኝ፣ መድሃኒቱ የሚታየውን ብጉር ለማድረቅ ብቻ አይደለም፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን፣ ገና ያልወጣውን ለመከልከል ነው፣ ስለዚህ ፊትሽ ንፁህ ሆኖም ትቀቢዋለሽ። ሀኪሟ አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ኪኒንም አንስታልኝ ነበር፣ እሱ ለከባዱ ብጉር ፍቱን ነው፣ ግን ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ እየወሰድሽ ጨርሶ ማርገዝ የለም፣ እኔ ደግሞ ልጅ እየፈለግኩ ስለነበር ይቅርብኝ አልኩ።

አዎ ሆዴ፣ አርግዣለሁ፣ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ! ካንቺ በፊት ለማንም የምነግረው አይመስለኝም ነበር፣ አሁን ሰፈሩ ሁሉ አውቆ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው፣ ይሄ በጣም ያመኛል። ለማርገዝ ስናስብ አዳፓሊኑን አቁሜ ለእርጉዝ የሚሆነውን አዜላይክ አሲድ የሚባል ቅባት ጀመርኩ፣ አገጬ ላይ ተመልሶ መጥቷል፣ ዛሬ ጠዋት ሶስት ቆጠርኩ፣ ፋውንዴሽን ሳልቀባ ስራ ሄድኩ።

እህትሽን በናትሽ እንዳትቆጫት። ክሬሙን በአንዴ ከምትጥለው ብልቃጡን ይዛ የቆዳ ሀኪም ጋ ትሂድ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደምትቀባው ሳትደብቅ ትናገር፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ብቻዋን ከምትቀመጥ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ከሰአት ቤት ካለሽ ልምጣ? የሰርጉን አልበም አውጥተሽ ጠብቂኝ፣ አንድም ፎቶ አላየሁም።