አባባ፣ ስልኩን በስሜ አላወጣም

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው። ትልቁ ፊደል እየቆጠረ «ቀ» ላይ ደርሶ ቆሟል፤ የቀረውን አያቴ ነው የሚያስጨርሰኝ ብሎኛል።

እሑድ በስልክ የጠየቁኝን ወዲያው አልመለስኩልዎትም። ልጆቹ ጮኹብኝ ብዬ ዘጋሁት። ልጆቹ ተኝተው ነበር።

በመጀመሪያ ሱቁ የስልክ ውሉን ለምን እንደከለከለዎት ልንገርዎት። በስምዎ ያልተከፈለ ዕዳ የለም። በስምዎ የለም። ችግሩ አድራሻው ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር የ24 ወር የስልክ ውልም እንደ ብድር ይቆጠራል፤ ስለዚህ የስልክ ድርጅቱ ከመፈረሙ በፊት የሰውን የብድርና የክፍያ ታሪክ (ክሬዲት የሚሉትን) ከሚይዙት ከሦስቱ፣ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን ከሚባሉት፣ ከአንዱ ወይም ከሁለቱ የሰውየውን ፋይል ያስመጣል። በቅድሚያ የሚታየው በተጻፈው አድራሻ በእርግጥ እንዲህ የሚባል ሰው ይኖራል ወይ የሚለው ነው። ይህን ከሚያረጋግጡት ዋነኛው የመራጮች መዝገብ ነው፤ ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ሙሉውን መዝገብ ለሦስቱም በሕግ ይሰጣል። እርስዎ በሚያዝያ ከድሮው ቤት ወጡ፣ ስምዎ ግን እዚያው ቀረ። ፎርሙ ላይ አዲሱን ቤት ጽፈው፣ ማሽኑ ሲፈልግዎት አጣዎት።

«ለካውንስል ታክስ አስታውቄያለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያ ሌላ መዝገብ ነው፤ ግብር ስለከፈሉ መራጭ ሆነው አይመዘገቡም።

ምዝገባው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ክፍያም የለውም። ክፍያ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎት ይውጡ፤ ትክክለኛው የመንግሥቱ ነው። የሚጠየቁት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ዜግነት፣ የናሽናል ኢንሹራንስ (የመንግሥት የመድንና የጡረታ መለያ) ቁጥርና አድራሻ ነው። ባለፉት 12 ወራት ከሌላ ቤት ወጥተው እንደሆነ ሲጠይቅዎት አዎ ይበሉና የድሮውን ይጻፉ፤ ስምዎን ከድሮው ቤት መዝገብ የሚያስነሱት በእሱ ነው። መዝገቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ማንም የሚገዛው ክፍት መዝገብ አለ፣ ሙሉው አለ። ክፍቱ ውስጥ አልገባም ቢሉ ለክሬዲቱ ምንም አይጎድልብዎትም፣ የማስታወቂያ ወረቀት ብቻ ይቀንስልዎታል። ከዚያ ይታገሡ። ካውንስሉ መዝገቡን በየወሩ ነው የሚያድሰው፣ ወደ ሦስቱ ፋይል እስኪገባም ተጨማሪ ሳምንታት አሉ። ዛሬ ተመዝግበው ነገ ሱቅ ቢሄዱ ያው መልስ ነው የሚጠብቅዎት።

ሱቁ የሦስት ዓመት አድራሻ ጠይቆዎት ነበር አይደል? ፎርሙ እንዲያጥር ብለው «ሦስት ዓመት እዚሁ ነኝ» ብለው ከሆነ፣ እባክዎ ሁለተኛ እንዳያደርጉት። ድሮ ቤት ሳሉ በሰዓቱ የከፈሉት ሁሉ ከዚያ አድራሻ ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ አድራሻውን ሲሰውሩት መልካሙን ታሪክዎን አብረው ይሰውሩታል። ይባስ ብሎ እንደ አጭበርባሪ ያስቆጥራል። የገቡበትንና የወጡበትን ወር ሳያምታቱ ሁለቱንም ይጻፉ።

የአድራሻው አጻጻፍ ራሱ ጉድ አለው። ባንኩ «22ሲ» ይላል፣ ካውንስሉ «ፍላት 3፣ 22» ይላል። ለእኛ አንድ በር ነው፣ ለማሽኑ ግን ሁለት ቤት። የሮያል ሜይል የፖስታ ኮድ መፈለጊያ ላይ ኮዱን አስገብቼ የሚያወጣውን አጻጻፍ ወስጄ ባንኩንም፣ መብራቱንም፣ ጡረታውንም በእሱ አስተካክላለሁ።

ስምዎስ! ፓስፖርትዎ ላይ «ገብረሥላሴ» አንድ ቃል ነው፤ ባንኩ ለሁለት ከፍሎ «ገብረ»ን ስም፣ «ሥላሴ»ን መካከለኛ ስም አድርጎታል። «ክቡር አቶ ሥላሴ» የሚል ደብዳቤ መጣልኝ ብለው የሳቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ፓስፖርቱን ይዘን ባንክ ሄደን እናስገጥመዋለን፤ ምዝገባውም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይሁን። የሦስቱንም ሪፖርት በነፃ የማየት መብት አለዎት። ስሕተት ካለ ጽፈን እንከራከራለን፣ በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው።

እስከዚያ ሌላ ሱቅ እንዳይሞክሩ። በአንድ ሳምንት ሦስት ቦታ ማመልከትዎ ራሱ ፋይሉ ላይ ይቀመጣል፤ ለሚቀጥለው አበዳሪ «ይህ ሰው ገንዘብ ቸግሮታል» ይመስለዋል። የክሬዲት ነጥብ ለሚሉትም አይጨነቁ። ሦስቱም የየራሳቸው መለኪያ አላቸው፣ ድርጅቱ ደግሞ የራሱን ያሰላል። ከእርስዎ በፊት እዚያ ቤት የነበረ ሰው ዕዳ ወደ እርስዎ ይሻገራል የሚሉትም ወሬ ነው።

ጋሽ ታደሰ «እኔም እመዘገባለሁ» ካሉ ግን ይከልክሏቸው። እርስዎ ፓስፖርቱን ወደ እንግሊዝ ሲቀይሩ እሳቸው ሳምንት ሙሉ ቢያኮርፉም፣ ለዚህ ጠቅሞዎታል። እሳቸው የኢትዮጵያን እንደያዙ ናቸው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ማኅበር) አባል አይደለችም፤ እንግሊዝ ውስጥ መኖሪያ ፈቃድ ብቻ ይዞ መመዝገብ አይቻልም። ዋሽቶ መመዝገብ ወንጀል ነው። እሳቸው የመብራት ሂሳብ ወይም መንጃ ፈቃድ ቅጂ ለሦስቱም ልከው፣ የመምረጥ መብት እንደሌላቸውና በዚህ ቤት እንደሚኖሩ ፋይላቸው ላይ ማስታወሻ ያስይዙ። እስከ 200 ቃል ይፈቀድላቸዋል።

አሁን ወደ ጠየቁኝ ልመለስ። «በአንቺ ስም ይውጣ፣ እኔ እከፍላለሁ» አሉኝ። የዚያን ጊዜ፣ የመጀመሪያው ስልክ በስሜ ሲወጣም፣ ያሉኝ ይህንኑ ነበር።

ወደ ጎንደር በተደወለው አልከፋኝም። አያቴ ታማ ነበር፣ እኔም አጠገብዎ ተቀምጬ አናግሬያታለሁ። የከፋኝ ደብዳቤዎቹ በስሜ ሲመጡ መሳቢያ ውስጥ መክተትዎ ነው። በ19 ዓመቴ ፋይሌ ላይ የሰፈረው ያልተከፈለ ዕዳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነሣም፤ ኋላ ቢከፈልም «ተከፍሏል» የሚል ይጨመርበታል እንጂ ቀኑ ሳይደርስ አይጠፋም። በሰርጋችን ሰሞን «ስምሽ የቤቱ ውል ላይ ለምን የለም፣ ባልሽ አያምንሽም?» ብለው ተቆጡ። ዝም አልኩ። አከራዩ የጣለው የእኔን ስም ነበር።

የሚገርመው፣ ለመዝገቡ እርስዎና እኔ ዝምድና የለንም። የእኔ የመጨረሻ ስም ገብረሥላሴ፣ የእርስዎ ወርቁ። ቢያውቅም አይቆጥረውም፤ የጋራ ሂሳብ ካልከፈቱ በቀር አባትና ልጅ አንድ ቤት ቢኖሩ እንኳ የየራሳቸው ፋይል ነው ያላቸው። እኔን ከእርስዎ ዕዳ ጋር ያገናኘኝ ፊርማዬ ነው።

ስለዚህ ቀፎውን እኔ በጥሬ ገንዘብ ገዝቼ አመጣለሁ። ካርድ እየሞሉ የሚጠቀሙበት ሲም ምንም የክሬዲት ምርመራ የለውም። መዝገቡ ሲስተካከል በራስዎ ስም ውል ይፈርማሉ።

ሌላው የዓይንዎ ነገር ነው። የሞራው ቀጠሮ እስካሁን አልመጣም አሉኝ። ለጂፒው፣ ለቤተሰብ ሐኪምዎ፣ አዲሱን አድራሻ ነግረውታል? ካልነገሩት ደብዳቤው የሄደው ድሮ ቤት ነው። ሮያል ሜይል ፖስታ የሚያዞረው ከፍለው ካዘዙት ብቻ ነው። ወይስ መጥቶ መሳቢያው ውስጥ ነው?

ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ፓስፖርቱንና የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሩን ጠረጴዛው ላይ ያውጡልኝ። የመሳቢያውን ቁልፍም።

ልጅዎ