ቅዳሜ ስለ ኦሃዮ ስቴት የመከላከያ መስመር እንነጋገራለን

ውድ አባላት፣

የጸደይ ልምምዱ ሳይጀመር፣ ቅዳሜ ማርች 15 ቀን 2025 ከምሽቱ 6:30 (በኮሎምበስ ሰዓት) በተለመደው አዳራሽ ተገናኝተን ስለ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድናችን መከላከያ መስመር (ከፊት ስለሚሰለፉት አራት ተከላካዮች) እንነጋገራለን።

የ2024 የውድድር ዘመን ብሔራዊ ዋንጫውን ካነሳው መስመር አራቱም ቋሚዎች ሄደዋል፦ ሶየር፣ ቱይሞሎአው፣ ታይሊክ ዊልያምስና ታይ ሃሚልተን። ሶየር በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ፣ በኮተን ቦል፣ የቀድሞ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን የቴክሳሱን ክዊን ዩወርስን ኳስ አስጥሎ 83 ያርድ የሮጠበትን ቪዲዮ ግን ደግመን አናይም፤ ባለፈው ሊነጋብን ነበር።

እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አራት ተሰላፊዎች ጽፋችሁ ኑ። በዳር ኬደን ከሪና ኬንያታ ጃክሰን፣ በመሃል ኬይደን ማክዶናልድ ብዙ የሚያከራክሩ አይመስለኝም። ከማክዶናልድ ጎን ማን ይቁም የሚለው ነው ጉዳዩ። እኔ ኤድሪክ ሂውስተን ከዳር ወደ መሃል ይግባ ባይ ነኝ፤ ክብደቱ አይበቃም የምትሉ መልሳችሁን አዘጋጁ። አዲሱ የመከላከያ አሰልጣኝ ማት ፓትሪሺያ ከመስመሩ አሰልጣኝ ከላሪ ጆንሰን ተጫዋች የማፈራረቅ ልማድ ጋር እንዴት ይግባባል የሚለውንም እናነሳለን።

ሁዳዴም ረመዳንም ስለሆነ የምታመጡት ምግብ የጾም ይሁን፤ ማዕድ የሚቀርበው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው። ወንበር እንድናዘጋጅ የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ «እመጣለሁ» ብላችሁ ጻፉልን።