«ማን ሠራልሽ?»

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ? መንትዮቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል የልጆቹን የሒሳብ ውጤት ነግረኸኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሁለቱም 92 ነው ያመጡት። ስለ ወንዱ «ጭንቅላት አለው» አልከኝ፤ ስለ ሴቷ ደግሞ «ሸምድዳ ነው፣ ትለፋለች»። በክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትሳሳላት አይቻለሁ። ግን ይህን አጠገብህ ሆና ሰምታ ከሆነ፣ ነገ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማት «የኔ ልፋት እስከዚህ ነው» ብላ እርሳሷን የምታስቀምጥ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የጂኦሜትሪ ጥያቄ ተሰጠን። ሦስት ቀን አሰብኩበት። በመጨረሻ አንድ መስመር ጨምሬ ሳሰምር ሦስት ማዕዘኑ ለሁለት ተከፈለና መልሱ ወለል ብሎ ታየኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። መምህሩ ደብተሬን አየና «ማን ሠራልሽ?» አለኝ። ራሴ ነኝ ብለው አላመነኝም። ከዚያ በኋላ እጄን ማውጣት ተውኩ። እናንተም «ለእሷ ቋንቋ ይሻላታል» አላችሁ፣ እኔም አመንኩ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማታ ማታ አልጀብራ እማራለሁ። ይገባኛል፤ ወንድምዓለም፣ ያኔም ይገባኝ ነበር።

የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። በእስራኤል ተመራማሪዎች የተማሪዎችን ስም የማያውቁ አራሚዎች የሰጡትን የሒሳብ ውጤት፣ የራሳቸው መምህራን ከሰጡት ጋር አስተያይተው፣ መምህራኑ ለወንዶቹ ሲያደሉ አገኟቸው። ያ አድልዎ ልጆቹ ካደጉ በኋላ በሚመርጡት ትምህርት ላይ ሳይቀር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለልጆች የአንድ በጣም ብልህ ሰው ታሪክ ተነግሯቸው ሰውየው የትኛው እንደሆነ ከፎቶ እንዲመርጡ ተጠየቁ። በአምስት ዓመታቸው ሴቶቹም ወንዶቹም የራሳቸውን ፆታ መረጡ፤ በስድስት ዓመታቸው ግን ሴቶቹ ሴት መምረጥ ቀነሱ። ስድስት ዓመት! የኛዋ ዘጠኝ ሞልቷታል።

ማርያም ሚርዛኻኒ የምትባል ኢራናዊት ነበረች። በልጅነቷ የሒሳብ መምህሯ ተሰጥኦ ያላት አልመሰላትም ነበርና ልጅቷ ለትምህርቱ የነበራት ፍላጎት ጠፋ። በዓመቱ የሚያበረታታት ሌላ መምህር አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2014 በሒሳብ ትልቁ ሽልማት የሚባለውን የፊልድስ ሜዳልያ የወሰደች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ያ ሁለተኛው መምህር ባይመጣስ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ባለቤትህንም አደራ በልልኝ፤ «እኔም ሒሳብ አይሆንልኝም ነበር፣ በኔ ወጥታ ነው» የምትለውን ልጅቷ ፊት አትበል።

እሑድ ስደውል ስልኩን መጀመሪያ ለእሷ ስጥልኝ። ክፍልፋይ ጀምረዋል ብለኸኛል፤ ከሁለት ሦስተኛና ከሦስት አራተኛ የትኛው እንደሚበልጥ እጠይቃታለሁ። ከዚያ እንዴት እንዳወቀችው በራሷ አፍ ታስረዳኛለች። አንተ አጠገቧ ቁጭ ብለህ ስማት፤ ብትቆይም መልሱን እንዳትነግራት።

ናፋቂህ፣
እህትህ