አባባ፣ ሽቦው ላይ የሰኳቸውን ደረሰኞች ይላኩልኝ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመዋል? የእማማ ዐይንስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ክረምት ዘንድሮ እንደበረታ ታናሽ ወንድሜ ነግሮኛል፤ እባክዎ ማለዳ ለኪዳን ሲወጡ ካፖርቱን ሳይደርቡ አይውጡ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እንደ ወትሮው ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ቀን ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ቤት እሠራለሁ። እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንገናኛለን፤ ቁርሱን ሸፍኜለት እወጣለሁ፣ ራቴን ሸፍኖልኝ ይወጣል።

ባለፈው እሑድ በስልክ የጀመርኩት ነገር መስመሩ እየተቆራረጠ ሳይገባዎ ቀረ። «ካርድሽን ሊነጥቁሽ ነው?» ብለው ሲደነግጡ ድምፅዎን ሰማሁና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጽፍልዎ ቁጭ አልኩ። ማንም አልነጠቀኝም። ነገሩ እንዲህ ነው።

አሜሪካ በትዳር የሚገባ ሰው፣ በገባበት ቀን ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጠው ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሠርጋችን ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ እዚህ የገባሁት ኅዳር 10 ቀን 2016። ሁለት ወር ያህል ዘግይቼ ብገባ ኖሮ የአሥር ዓመቱን ካርድ በቀጥታ እወስድ ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን አውቆ! ቪዛው ተመትቶ ፓስፖርቴ ሲመለስ እማማ እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ሁለት ወር ቆይቼ ልሂድ የሚል ሐሳብ ማን ያስባል?

አሁን ያ የሁለት ዓመት ካርድ ኅዳር ላይ ያበቃል። ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ እኔና ባለቤቴ አብረን ፈርመን፣ አይ 751 የሚባለውን ቅጽ ሞልተን፣ 750 ዶላር ከፍለን ወደ አሥር ዓመቱ ካርድ እንዲለወጥልኝ ማመልከት አለብን። 90ው ቀን መቆጠር ከጀመረ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ማመልከቻው ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ የሚልኩልን ደብዳቤ የካርዱን ዘመን በ48 ወር ስለሚያራዝመው ሥራዬን አላጣም፣ መውጣት መግባትም አልከለከልም። ይህንን ለእማማ ደጋግመው ይንገሩልኝ።

አስጨናቂው ቅጹ አይደለም፤ ከቅጹ ጋር የሚያያዘው ማስረጃ ነው። ትዳራችን የእውነት መሆኑን በወረቀት ማሳየት አለብን። ሕጉ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ነው፤ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲሉ ብቻ የሚጋቡትን ለመለየት ታስቦ። ስለዚህ ሁለት ዓመት አብረን ምን እንደበላን፣ ኪራዩን ማን እንደከፈለ፣ ገንዘባችን የት እንደተቀመጠ ይጠይቃሉ። ባለቤቴ በመጀመሪያ ተቆጣ። «ሽማግሌ ልኬ፣ በአባትሽ ፊት ቆሜ ያገባሁሽን ሴት አሁን በባንክ ወረቀት ላስመሰክር ነው?» አለ። እኔም ከፍቶኝ ነበር። ኋላ ግን ተረጋግቼ ሳስበው፣ ይህ ወረቀታችንን የሚመለከተው ሰው ሽማግሌዎቹን አያውቃቸውም፤ በዚያ ቀን ግቢያችን ውስጥ አልነበረም፤ እርስዎ መርቀው ሲሰጡኝ አላየም። ከፊቱ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያለንን ሁሉ በላስቲክ ከረጢት ይዘን ጠበቃ ዘንድ ሄድን። ሐበሻ ናት፣ በእድሜ እማማን ታክላለች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። የኪራይ ውሉ በእሱ ስም ብቻ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት የፈረመው ስለሆነ በየዓመቱ እንዲሁ እየታደሰ ሄዷል። የመብራቱ ሒሳብ በእሱ ስም። መኪናው በእሱ ስም። የእኔ የባንክ ሒሳብ በእኔ ስም፣ የእሱ በእሱ። መነጽሯን አውልቃ «ልጆቼ፣ እናንተ ባልና ሚስት መሆናችሁን ዐይኔ ያያል፤ ወረቀታችሁ ግን አንድ ቤት የተከራዩ ሁለት ሰዎች ነው የሚለው» አለችን። አባባ፣ ደሜ ቀዘቀዘ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ በመካከላችን የገንዘብ ጠብ ኖሮ አያውቅም። እሱ ኪራዩንና መብራቱን ይከፍላል፣ እኔ አስቤዛውን እገዛለሁ፣ ለናንተም ለእናቱም የምንልከውን ተራ በተራ እንልካለን። እማማ ቦሌ ስትሸኘኝ ጆሮዬ ላይ «የራስሽ ሳንቲም ይኑርሽ፣ ማንም እጅ አትዪ» ብላኝ ነበር። የመጀመሪያ ደሞዜን እንደተቀበልኩ ያንን አስቤ ለብቻዬ ሒሳብ ከፈትኩ። ምክሯ የፍቅር ምክር ነበር፤ እሷ ያሳለፈችውን አውቃለሁና በጭራሽ አልወቅሳትም፣ እርስዎም ይህንን አንስተው እንዳይወቅሷት አደራ። መኪናውንም የገዛነው በእቁብ ነው። ሃያ ሆነን በወር 500 ዶላር እንጥል ነበር፤ ዕጣው ለእኔ ወጣና 10 ሺህ ዶላሩን በጥሬው አምጥቼ ለእሱ ሰጠሁት። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን የእሱ ስም ብቻ ነው። ያ የእኔ የሃያ ወር ላብ ለመሆኑ ከእቁቡ ጸሐፊ ደብተር በቀር አንድም ማስረጃ የለም።

ከሁሉ የከበደኝን ደግሞ ልጻፍልዎ። ሥራ ስጀምር መሥሪያ ቤቱ የሕይወት መድን ይገባልናል፤ ብሞት ገንዘቡ ለማን ይሰጥ የሚል መስመር አለው። ያን ጊዜ ገና ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነበርና እጄ ሳያመነታ የእማማን ስም ጻፈ። ጠበቃዋ ወረቀቱን ስታነብ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ምንም አላለም። ማታ ቤት ስንገባ የእሱን የኢንሹራንስ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየኝ፤ እሱም የእናቱን ስም ነበር የጻፈው። ሁለታችንም እዚያው ቆመን አለቀስን። እንግዲህ በማግስቱ እኔ የእሱን ስም አስገባሁ፣ እማማ ሁለተኛ ሆና ተጻፈች፤ እሱም እንዲሁ አደረገ። ይህንን ለእማማ እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ። ስሟ አልተሰረዘም ይበሏት።

የሚያጽናናም ነገር አልጠፋም። ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ የጤና መድን የሚከፍልለት የለም፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጥር 2024 ጀምሮ በእኔ መሥሪያ ቤት በኩል ባሌ ብዬ አስመዝግቤዋለሁ፣ ከደሞዜም በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣል። ጠበቃዋ ይህንን ስታይ ፊቷ በራ። የ2024ን ታክስ ደግሞ እንደ ባልና ሚስት በጋራ ነው ያስገባነው። የ2023ቱን ግን እኔ ኅዳር ላይ ስለገባሁ ለብቻው አድርጎ ሞልቶት ነበር። ለካ ተለያይቶ የገባን ታክስ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ጋራ መለወጥ ይቻላል፤ የጋራውን ነው ጊዜው ካለፈ በኋላ መለያየት የማይቻለው። እሱን እያስተካከልን ነው።

የጋራ የባንክ ሒሳብም ከፈትን። የእሱም የእኔም ገቢ እዚያ ይገባል፤ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ስልኩ፣ ከሐበሻ ሱቅ የምንገዛው እንጀራና በርበሬ ሳይቀር ከዚያ ይወጣል። ጠበቃዋ እንደነገረችን አምስት ሺህ ዶላር አስቀምጦ ሳይነካ የከረመ የጋራ ሒሳብ ብዙም አይረዳም፤ የሚታመነው ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚያሳየው ነው። ገና አንድ ሳምንቱ ስለሆነ ግን ለማመልከቻው ብለን እንደከፈትነው ማንም ያውቃል። ስለዚህ አንደብቀውም። ለምን እስከ ዛሬ ለየብቻ እንደያዝን፣ የእማማንም ምክር፣ የእቁቡንም ነገር ሳንጨምር ሳንቀንስ በቃለ መሐላ ጽፈን እናያይዛለን። የእቁቡ ጸሐፊም ያወቁትን ያህል ሊመሰክሩ ፈቅደዋል። የኪራይ ውሉ ላይ ስሜ ከመስከረም ጀምሮ ይገባል።

በስልኩ ያነሱልኝን የአክስቴን ልጅ ጉዳይ በተመለከተ፣ አባባ፣ እባክዎ እሺ እንዳይሉ። ገንዘብ ከፍሎ የወረቀት ጋብቻ የሚያስፈጽምለት ደላላ ማግኘቱን እሱም ጽፎልኛል። እዚህ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲባል የውሸት ጋብቻ መፈጸም እስከ አምስት ዓመት እስር፣ እስከ 250 ሺህ ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ይኸውልዎ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ስሙ ከተያዘ፣ ኋላ ከልቡ ወዶ ቢያገባ እንኳ ሚስቱ ልታስመጣው አትችልም። እኛ እውነተኛ ሆነን እንኳ እንዲህ ተጨንቀናል። በሬ መሸጡን ትቶ ትምህርቱን ይጨርስ፤ ለመመዝገቢያው እኔ እልክለታለሁ።

እማማ ደግሞ «እሱ አልፈርምም ቢላትስ?» ብላ እንደምትሰጋ ወንድሜ ነግሮኛል። ባሌ እንደዚያ ያለ ሰው አለመሆኑን ታውቃለች። ግን ልቧ እንዲያርፍ ያህል፣ ትዳሩ ከልብ ተጀምሮ በፍቺ ያለቀባት ወይም ባሏ የሚበድላት ሴት ያለ እሱ ፊርማ ብቻዋን ማመልከት ትችላለች። ይህንን የማያውቁ እኅቶች እዚህ አሉ፤ በወረቀት እያስፈራሯቸው ዱላ ችለው የሚኖሩ። እኔም ያወቅሁት አሁን ነው፣ ለአንዷ ነግሬያታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ከኩሽናው በር ጀርባ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለችው የታጠፈች ሽቦ ትዝ ትለኛለች። የመብራቱ፣ የውኃው፣ የእድሩ፣ የእኛ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንድም ሳይቀር እርስዎ ከፋብሪካው ሒሳብ ክፍል ሲመለሱ መሐሉን እየበሱ ይሰኩት ነበር። ከታች ያሉት ቢጫ ሆነው ጠርዛቸውን አይጥ በልቶታል። ልጆች ሆነን «አባባ፣ ይህንን ሁሉ ምን ያደርጉታል?» እያልን እንስቅብዎ ነበር። ጠበቃዋ ቢሮ ተቀምጬ፣ እጄ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ያቺ ሽቦ ድቅን አለችብኝ።

ወደ እናንተ የምንልከው ገንዘብ ተራ በተራ ነው ብዬ የለ? ባለቤቴ በስሙ የላከውን ደረሰኝ እሱ ጥሎታል፤ እርስዎ ግን ከባንኩ የተቀበሉትን እንዳልጣሉት እርግጠኛ ነኝ። በታኅሣሥ 2016 እማማ የዐይን ሞራዋን ስትገፈፍ አንድ ሺህ ዶላር የላከው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ 56 ሺህ ብር ገደማ ተቀብለዋል። ላኪው ላይ የእሱ ስም፣ ተቀባዩ ላይ የእርስዎ ስም አለ። አንድ ሰው የሚስቱን እናት ዐይን ያሳከመበት ወረቀት ነው። ጠበቃዋ «ይህማ ከተገኘ ከፊት ነው የማስቀምጠው» ብላለች። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ወሩ የላካቸውም አሉ።

ወንድሜ እያንዳንዱን ጥርት አድርጎ ፎቶ ያንሳና በቴሌግራም ይላክልኝ። ቀኑና ስሙ እንዲነበብ፣ ውጭ በብርሃን ያንሳው። ከተቻለ ደግሞ እርስዎ በራስዎ እጅ ያዩትን ይጻፉልን፤ ሙሉ ስምዎን፣ አድራሻዎን፣ የተወለዱበትን ቀንና ቦታ ጠቅሰው። በ2015 ለፋሲካ መጥቶ እናንተ ዘንድ ስንሰነብት ያደረገውን፣ ጣራውን አብሮዎት ሲጠግን፣ እማማን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ ያዩትን። በአማርኛ ይጻፉት፤ እዚህ እናስተረጉመዋለን፣ ተርጓሚውም ትክክል ስለመሆኑ ፈርሞ ያያይዝበታል። የመልሱ ዕለት ሁላችሁም የተነሳችሁት ፎቶ፣ ያ ሽማግሌዎቹ ከኋላ የቆሙበት፣ ቅጂው ካለ እሱንም።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ለዶሮው የሚሆን ትናንት ልከናል፤ በዚህ ጊዜ የሁለታችንም ስም ካለበት ሒሳብ የወጣ ነው። ደረሰኙን እኔም አልጣልኩትም፤ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆልምሞ ከማድቤቱ በር ጀርባ ሰቅሎልኛል፣ የመጀመሪያውን እሱ ሰካው።

የእርስዎን ደረሰኞች ፎቶ ከተነሱ በኋላ እንደነበሩ በየተራቸው ይመልሷቸው።

ልጅዎ