ደብዳቤ ለልጄ፦ ዓባይን በቀትር አትውጪው

ደጀን፣ መጋቢት

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስደውልልሽ «እሽ አባዬ፣ እሽ» እያልሽ ስለምትዘጊብኝ ነው የጻፍኩልሽ። ወረቀት አይዘጋም።

ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ሰምቻለሁ። እናትሽን አትቆጫት፤ አውጣጥቼ ያስለፈለፍኳት እኔ ነኝ። ለልምምድ በሳይክል ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ስትወጪ ላብሽ ደርቆ፣ በዚያ ሐሩር ብርድ ብርድ ብሎሽ፣ ቆዳሽ እንደተነጨ ዶሮ ሆኖ ቤት ገባሽ። መደብ ላይ ተጋድመሽም «ለአባዬ እንዳትነግሪው» አልሽ። እኔ ያኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ።

አልቆጣም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በዚያ መንገድ 28 ዓመት ጭነት መኪና ነድቻለሁ። አንድ ቀን በቀትር ስወጣ ቴምፕሬቸሩ ቀይ ነካ። ረዳቴ «ጋሼ እናቁም» አለኝ። እኔ ደግሞ «ደጀን እኮ ደረስን፣ ትንሽ ናት» አልኩት። የቴስታታ ጋስኬት ተቃጠለና ሁለት ቀን በረሃ ላይ ከረምን። ያቺ «ትንሽ ናት» የምትባለዋ ናት አንቺንም የበላችሽ። ቁልቁል ብታዪ ድልድዩ፣ ሽቅብ ብታዪ ቤታችን፤ ማን ይቆማል?

ስህተቱ የጀመረው ግን ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሳሽ። ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ስትደርሺ ረፋዱ ሄዷል። ከዚያ ከ1,300 ሜትር በላይ ወረድሽና ልክ 6 ሰዓት ላይ ሽቅብ ጀመርሽ። እኛ ሾፌሮች እንኳ ሞተር ይዘን ያንን ሰዓት እንሸሸው ነበር። ስትወርጂ ነፋሱ ላብሽን ያተነዋል፣ ይቀዘቅዝሻል። ስትወጪ ግን በሰዓት 9 ወይ 10 ኪሎ ሜትር ነው የምትሄጂው፤ ነፋስ የለም፣ ቋጥኙም አስፋልቱም ሙቀቱን መልሶ ይተፋብሻል። ላብ ደግሞ የሚያበርደው ሲተን ነው፤ ተንጠባጥቦ ከወደቀ ጥቅም የለውም።

ስለዚህ ዓርብ ማታ በሚኒባስ ነይና እቤት እደሪ፤ ሳይክሉን ፖርቶመጋላ ላይ ያስሩልሻል። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ውረጂ፤ 3 ሰዓት ሳይሞላ ቁርስሽን እዚህ ትበያለሽ። የቀረውን ኪሎ ሜትር በደጋው ሙዪው።

ሌላው፣ አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ። ለሰሊጥ ሥራ መተማ የሚወርዱ ልጆቻችንን ጠይቂያቸው፤ የመጀመሪያዋን ሳምንት እንዴት እንደሚያልፏት ይነግሩሻል። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከቀመሰው። አንቺ በሳምንት አንዴ ወርደሽ ለመድኩት ማለት አትችይም። ያ የእጅ ሰዓትሽ የልብሽን ምት ይቆጥራል አይደል? በማርቆስ ዳገት 150 የሚመታ ልብ በዚያው ጉልበት እዚህ 170 ካለ፣ ማርሽ ቀንሺ። ፍጥነቱን እርሺው። እሱ ነው ቴምፕሬቸርሽ።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ በዚህ ነገር እናትሽና እኔ ተከራክረናል። እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ረጅም ልምምድ? አይሆንም ልጄ። በሥራ ቀን ቀለል ያለውን፣ ማታ ካፈጠርሽ በኋላ ሥሪ። ረጅሙን ለቅዳሜ አድርጊው፤ ከቀዳም ስዑር በቀር በቅዳሜና በእሁድ እህል ውሃ አይከለከልም። አልመች ካለሽ የነፍስ አባትሽን አማክሪ። እናትሽ «ሁለቱንም ትችላለች» ትላለች። እሷ ሳይክል ነድታ አታውቅም።

ውሃውንም ዝም ብለሽ አትጋቺ። በላብ የሚወጣው ጨውም ነው፤ ባዶ ውሃ ብቻ ከበዛ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል። ፋርማሲ ያለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ጥሩ ነው። ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሳይቆለል። ከመውጣትሽ በፊትና ስትመለሺ ተመዘኚ። 60 ኪሎ ሆነሽ ወጥተሽ ስትመለሺ ከ1.2 ኪሎ በላይ ከጎደልሽ ያነሰ ጠጥተሻል ማለት ነው።

ባለፈው በስልክሽ ያሳየሽኝ የፈረንጆቹ ነገር፣ በስቶኪንግ በረዶ ቋጥረው ጀርባቸው ውስጥ የሚከቱት፣ አልጠላሁትም። ደጀን በረዶ የት ይገኛል? የናትሽን አሮጌ ነጠላ ቆርጬ ልኬልሻለሁ። አርሰሽ አንገትሽ ላይ ጣል አድርጊው፤ ሲደርቅ ደግመሽ አርሺው።

ለጓደኞችሽም ይህን ንገሪያቸው። አንዷ መንገድ ላይ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ወይ ከተንገዳገደች፣ ጥላ ውስጥ አስተኝተው ልብሷን አውልቀው ውሃ እያፈሰሱ ያራግቧት። መኪና መጥራቱ ሳይቀር፣ ማቀዝቀዙ ይቅደም። ላብ ቆሞ ብርድ ብርድ ሲል ደግሞ ከሳይክል መውረድ ነው እንጂ «ትንሽ ናት» የለም።

ቁልቁለቱን ረስቼው። እኛ በማርሽ እንይዘው ነበር፤ አንቺ ያለሽ ፍሬን ብቻ ነው። ይዘሽው አትውረጂ፤ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል። ያዝ ለቀቅ አድርጊ፣ ከጋለም ቁሚ።

በሶውን እናትሽ ናት የፈጨችው፤ ስኳርና ትንሽ ጨው አለበት። ቅዳሜ የጎረቤታችን አይሱዙ በሌሊት ወደ ጎሐ ጽዮን ይሄዳል፤ ድልድዩ ጋ ከነጀሪካኔ ያወርደኛል። ጓደኞችሽ ፊት አባቴ ተከተለኝ ብለሽ እንዳታፍሪ። ራዲያተር ላይ ውሃ ለመጨመር ነው የመጣሁት በያቸው።

አባትሽ